ዕጢው እስከ የት ደርሷል?

ጡረታ ወጥቼ ዳባት፣ ወላጆቼ ቤት ስመለስ ጎረቤቶቼ ምን ስሠራ እንደኖርሁ በደንብ አያውቁም ነበር። አንዷ «ሐኪም ናት» ትላለች፤ ሌላዋ «ኧረ ፎቶ ነው የምታነሣው» ትላለች። ለእውነቱ ሁለተኛዋ ትቀርባለች። ዕድሜዬን ሙሉ የሰውን ደረትና ሆድ ውስጡን ሳነሣ ኖሬአለሁ፤ መጀመሪያ ደባርቅ በራጅ፣ በኋላ ጎንደር በሲቲ ስካን። ከዚያ ሁሉ ሥዕል መካከል የኩላሊት ካንሰር የነበረባቸው ጥቂት ናቸው። ነገር ግን ስለ ሥራሽ አጫውችን ሲሉኝ ቶሎ የሚመጡልኝ እነሱ ናቸው። አንዱ ሞቶብኛል፤ አንዷ ተርፋልኛለች።

ደርግ በወደቀ ማግስት ነው ደባርቅ የተመደብሁት። ሥልጠናዬን እንደ ጨረስሁ፣ በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጬ፣ አንድ ሻንጣና አንድ ብርድ ልብስ ይዤ ደረስሁ። አንዱ ብርድ ልብስ ለደባርቅ እንደማይበቃ ገና በመጀመሪያው ሌሊት ገባኝ። የመጀመሪያው አለቃዬ ፊልም ቆጣቢ ነበር፤ አንድ ፊልም ከተቃጠለብኝ ሰላምታዬን አይመልስም። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ደግሞ የራጁን ክፍል የዕቃ ማከማቻ ሊያደርገው ብዙ ታግሏል። ደመወዙ ያው የመንግሥት ደመወዝ ነበር፤ እሱን ልተወው።

ሥራውን ያስተማሩኝ አቶ ደምሴ ናቸው። ከእኔ በፊት በዚያ ክፍል ብዙ ዓመት የሠሩ፣ ረጅም፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። የራጁ ጠረጴዛ ከደባርቅ ብርድም ይብሳል። እሳቸው በሽተኛው ከመተኛቱ በፊት አሮጌ ጋቢ ያነጥፉበትና እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከትተው ያሞቃሉ። «የበረደው ሰው ይንቀጠቀጣል፤ የተንቀጠቀጠ ሰው ሥዕሉ ይደበዝዛል» ይላሉ። ትንፋሽ ያዝ ብለው ሲያዙም ራሳቸው አብረው ይይዛሉ። እኔ መጀመሪያ ሳየው ሳቄ መጥቶ ነበር፤ በኋላ ግን ምክንያቱ ገባኝ። ራሱ ትንፋሹን የያዘ ሰው በሽተኛው መቼ እንደሚጨንቀው ያውቃል።

ፊልም ሲያነቡ ከበሽታው አይጀምሩም። አንድ ቀን የሽንት ጠጠር ያለበትን ሰው ፊልም መስኮቱ ላይ ለጥፈው ጠሩኝ።

«ምን ይታይሻል?»

«ጠጠሩ፤ ይኼውና» ብዬ ጠቆምሁ።

«እሱን ተይው፤ የትም አይሸሽም። መጀመሪያ ደህና ደህናውን ንገሪኝ።»

ከዳር ጀምሬ አጥንቱን፣ አንጀቱን፣ ጉበቱን ቆጠርሁላቸው። ኩላሊቱ ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

«ኩላሊቱ እንዴት ሊታይሽ ቻለ? ሥጋ ከሥጋ ጋር እኮ በራጅ አንድ ዓይነት ግራጫ ነው።»

ፊልሙን ተጠግቼ አየሁት።

«ስቡ ነው የሚያሳይሽ። በግ ሲታረድ አላየሽም? ኩላሊቷ በስብ ተጠቅልላ ነው የምትወጣ። የሰውም እንደዚያው ነው። ስቡ ድንበር ነው። ድንበሩ ጠፍቶ ካየሽው፣ ወይ ሰውየው ከስቷል፣ ወይ አንድ ነገር ድንበሩን አልፏል።»

ያን ጊዜ ለራጅ ብቻ የሚሆን ምክር መስሎኝ ነበር።

ይርጋ የመጣው ከዚያ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ነው። የድብ ባሕር ሰው ነው፤ የሊማሊሞን መንገድ በግሬደር የሚጠርግ ባለሙያ። ክረምት ላይ ናዳ ወርዶ መንገዱ ሲዘጋ፣ ላይና ታች የቆሙት ሹፌሮች ሁሉ የሚጠብቁት እሱን ነበር። ቀጭን፣ ሳቂታ ሰው ነው። ሽንቱ ደም መቀላቀል ከጀመረ ቆይቷል፤ ግን «የግሬደሩ መንገጫገጭ ነው» እያለ ለሚስቱ እንኳ ሳይናገር ከረመ። ጎኑን ሲያመው ነው የመጣልን። በራጁ ኩላሊቱ ማበጡን ጠረጠርን። ነገር ግን ሰውየው ሥጋም ስብም የለው፤ ዳሩ የቱ ጋ እንደሚያበቃ የሚያሳይ ምንም መስመር አልነበረም። ጎንደር በአልትራሳውንድ ሲያዩት ትልቅ ዕጢ መሆኑ ታወቀ። ከኩላሊቱ አልፎ የት እንደ ደረሰ ግን ማወቅ አልተቻለም፤ የአንጀት አየር ጋርዶታል።

ያኔ ሲቲ ስካን ማለት ለእኛ አገር ሰው የማይደረስበት አዲስ አበባ ማለት ነበር። የጎንደሩ ቀዶ ሐኪም ጠንቃቃ ሰው ነበር፤ ቢሆንም ያለው ምርጫ በዚያ ዘመን ሁሉም የሚለው ነበር፦ «ከፍተን እናያለን።»

ከፈቱ። ዕጢው በኩላሊቱ ደም ሥር ተስቦ፣ ከሆድ በታች ያለውን ደም ሁሉ ወደ ልብ በሚመልሰው በትልቁ ደም መልስ ውስጥ ገብቶ አገኙት። ከኋላው ካለው ጡንቻም ጋር ተጣብቋል። ሊያላቅቁት ሲሞክሩ ደሙ አላቆም አለ። በጨርቅ ጠቅጥቀው፣ ደም ሰጥተው፣ ዕጢውን እዚያው ትተው ሰፉት።

ይርጋ ቁስሉ ሲደርቅ ደባርቅ ተመለሰና ክፍላችን መጣ። ወንበር ሰጠሁት።

«ጥሩነሽ፣ ከፍተው ዘጉኝ» አለኝ፤ እየሳቀ ነበር። «እኔ እንኳ ናዳ ስጠርግ መጀመሪያ ወርጄ በእግሬ አየዋለሁ። ሳይከፍቱ ማየት አይቻልም?»

«አዲስ አበባ የሚያይ መሣሪያ አለ ይላሉ።»

«እንግዲህ ለሚቀጥለው ሰው ይድረስለት» አለና ተነሣ።

ክረምቱ ሳይገባ አረፈ። በቀብሩ ቀን ሹፌሮቹ መኪናቸውን ሊማሊሞ አናት ላይ ደርድረው አቁመው በእግራቸው መጡ። አቶ ደምሴ ከቀብር ስንመለስ ያንን ፊልም አውጥተው መስኮቱ ላይ ለጠፉት። እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ብዙ ጊዜ አዩት። «ከዚህ ላይ አይገኝም። ብናፈጥበትም አይገኝም» አሉኝ። ያን ያሉት እኔን ሊያሳርፉኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ለጊዜው ግን አላረፍሁም፤ ጎኔን አመመኝ የሚል ሰው በመጣ ቁጥር የይርጋ ሳቅ ይመጣብኝ ነበር።

አቶ ደምሴ ጡረታ ወጡ፤ ከዚያም አረፉ። እኔ ወደ ጎንደር ተዛወርሁ። ሲቲ ስካን ጎንደር ሲገባ፣ ዕድሜዬ ለአዲስ ትምህርት የሚመች ባይሆንም፣ ሥልጠናውን ለምኜ ገባሁበት።

መሣሪያው ትልቅ ቀለበት ነው። በሽተኛው ተኝቶ በመካከሉ ሲያልፍ ሰውነቱን፣ ቢላዋ ሳይነካው፣ እንደ ድፎ ዳቦ ስስ ስስ አድርጎ እየቆረጠ ያሳያል። ኩላሊት ላይ ግን ማንሣት ብቻ አይበቃም፤ ጊዜውን ማወቅ ያስፈልጋል። በክንድ ደም ሥር ኮንትራስት የሚባል መድኃኒት ይሰጣል፤ ደሙን በሥዕሉ ላይ ነጭ የሚያደርግ ነው። ቶሎ ካነሣህ ደም ቅዳዎቹ ይደምቃሉ፣ የኩላሊቱ ዳርም ይበራል፤ ደም መልሶቹ ግን ገና ናቸው። ትንሽ ቆይተህ ደግመህ ስታነሣ ኩላሊቱ እኩል ነጭ ይሆንና ዕጢው በውስጡ ለብቻው ይለያል፤ ትልቁ ደም መልስም ይሞላል። ቀዶ ሐኪሞቹ የሚጠይቁት «ዕጢ አለ ወይ?» ብለው አይደለም፤ እሱን በአልትራሳውንድ ያውቁታል። የሚጠይቁት «እስከ የት ደርሷል?» ነው። ስቡን አልፏል? ደም ሥሩ ውስጥ ገብቷል? ጉበቱን ይዟል? በአጠገቡ ያበጠ ንፍፊት አለ? አንድ ሰው ይከፈት አይከፈት፣ ከተከፈተም በየት በኩልና ምን ያህል ደም ተዘጋጅቶለት እንደሆነ የሚወሰነው በዚያ ነው።

ሥዕሉን የምታነበው ዶክተር ሰላማዊት ነበረች። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፤ በሥራው ግን አለቃዬ ናት፤ የሚገባትም ነበር። ከሥዕሉ ፊት ስትቀመጥ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ትንፋሽ እንዴት ያዙ?» ነው።

እትዬ ዘይነባን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። የዳባት ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሞላ ያሉ፣ ንግግራቸው ቀስ ያለ ሴት። እናቴ ከእሳቸው ሱቅ ትገዛ እንደነበር ስነግራቸው «እንግዲያማ የራሴ ልጅ ነሽ» አሉኝ። ልጃቸው ኑሩ፣ የራሱ ትዳርና ልጆች ያሉት ሰው፣ አጠገባቸው ቆሞ ሻንጣቸውን እንደ ያዘ ነበር። በአልትራሳውንድ ቀኝ ኩላሊታቸው ላይኛው ጫፍ፣ ልክ ከጉበት ሥር፣ ዕጢ ታይቷል።

የመጀመሪያው ሥዕል አልሆነልንም። መድኃኒቱ ገብቶ፣ የቶሎውን ዙር አንሥተን፣ ሁለተኛውን ስንጠባበቅ መብራት ጠፋ። ጄነሬተሩ ተነሥቶ መሣሪያው እስኪዘጋጅ ድረስ መድኃኒቱ ወደ ፊኛ ወርዷል። በእጃችን የቀረው የመጀመሪያው ዙር ብቻ ነው። በዚያም ላይ እትዬ ዘይነባ ደንግጠው መሐል ላይ ተንፍሰዋል።

ዶክተር ሰላማዊት ስታየው ፊቷ ተለወጠ። በትልቁ ደም መልስ ውስጥ ጥቁር ጥላ አለ። በዕጢውና በጉበቱ መካከልም ድንበር የለም፤ አንድ ላይ የፈሰሱ ይመስላሉ። ከእሷ ጀርባ ቆሜ ስመለከት ይርጋ ትዝ አለኝ።

እትዬ ዘይነባን የያዛቸው ቀዶ ሐኪም መጣ። «ደም መልሱ ውስጥ ገብቶ ከሆነ እዚህ አንነካውም። ጉበቱንም ይዞ ከሆነ…» ብሎ ተወው።

«ከሆነ ነው» አለች ዶክተር ሰላማዊት። «ይኼ ጥላ ዕጢ ሊሆን ይችላል። ከእግር የሚመጣው ደም መድኃኒቱ ገና ስላልደረሰበትም ሊሆን ይችላል። በአንድ ዙር አልፈርድም። ሌላኛው ኩላሊታቸው ከመድኃኒቱ ጥቂት ቀን ይረፍና እንድገመው።»

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ኑሩ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ከንግግሩ ሁሉ «ደም መልሱ ውስጥ ገብቶ» የሚለውን ብቻ ሰምቷል። ስንወጣ እናትና ልጅ የሉም። የቀጠሮው ቀን ደረሰ፤ አልመጡም። ስልካቸውም አይነሣም።

የዕረፍት ቀኔ ሲደርስ በሚኒባስ ዳባት ሄድሁ። የገበያ ቀን ነበር። እትዬ ዘይነባ ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጠው ጨርቅ እያጠፉ ምራታቸውን የትኛው ከየት እንደሚመጣ ያስረዳሉ፤ ሱቁን እያስረከቡ ነው። ከመደርደሪያው በላይ ለብቻው የተቀመጠ ነጭ አቡጀዲ አየሁ። ዓይኔን ተከትለው አዩኝ።

«ከፈኔ ነው፤ መገነዣዬ። የራሴን ራሴ ቆረጥሁት፤ ሌላ ሰው ያሳጥረዋል» አሉኝ፤ እንደ ቀልድ ነው የተናገሩት።

«እትዬ ዘይነባ፣ ለምን ሳይነግሩን ሄዱ?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ገብቷል ማለታችሁን ልጄ ሰምቶ መጣ።»

«ገብቷል አላልንም። ገብቶ ይሆን ወይ ነው ያልነው።»

«እሱማ ያው ነው።»

«ያውማ አይደለም።» አጠገባቸው ተቀመጥሁ። «ክረምት ላይ ደፍራሽ ወንዝና ጥሩ ውኃ ሲገናኙ አይተው ያውቃሉ? ወዲያው አይቀላቀሉም። ጥቂት መንገድ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ። ታች ሲወርዱ ነው አንድ የሚሆኑት። እኛ ያነሣነው መገናኛው ላይ ነው። ጥቁሩ ምን እንደሆነ ለማወቅ ታች ወርደን ማየት ነበረብን፤ መብራት ከለከለን።»

ኑሩ ከደጅ ሰምቶ ገባ። ተቆጥቷል።

«እናቴን ለምን ታደክሟታላችሁ? እንደ ይርጋ ከፍታችሁ ልትዘጓት ነው?»

ከደባርቅ እስከ ዳባት የይርጋን ነገር ያልሰማ የለም። ይርጋ በፊልሜ ያለፈ ሰው መሆኑን ኑሩ አያውቅም።

«እንደ ይርጋ እንዳይሆን ነው የመጣሁት» አልሁት። «ይርጋን ሳያዩ ነው የከፈቱት፤ የሚያዩበት አልነበራቸውም። አሁን የሚያዩበት አለ። ገብቶ ካገኘነው አንከፍታቸውም፤ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን። ካልገባ ግን ደህና ሊሆኑ የሚችሉ ሴት እዚህ ተቀምጠው ከፈናቸውን ያያሉ።»

ኑሩ ሊመልስ አፉን ሲከፍት እናቱ እጃቸውን አነሡ።

«ኑሩ፣ እኔ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ጨለማ ላይ አይቼ ገዝቼ አውቃለሁ?»

«አታውቂም።»

«ደጅ አውጥቼ፣ ፀሐይ ላይ ዘርግቼ ነው። አላህ ያለው አይቀርም፤ ግን ፀሐይ ላይ ልየው።»

ተመልሰው መጡ። በዚያ ቀን የጄነሬተሩ ሠራተኛ እኛ ከመጀመራችን በፊት ሞተሩን አስነሥቶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ መብራት ቢጠፋ ወዲያው እንዲያዞርልን። የምፈራው ትንፋሹን ነበር። ጎናቸው ቆሜ ደጋግመን ተለማመድን፤ እሳቸው ግን ገና ሲይዙ ይጨንቃቸዋል።

«ምን እያሰቡ ነው የሚይዙት?» አልኋቸው።

«መቼ ትለቅቂኝ ይሆን እያልሁ።»

ሣቅሁ፤ እሳቸውም ሣቁ። ትንሽ አሰቡና «ፋቲሃን በልቤ ብቀራስ?» አሉ።

«ይበሉት። እኔም አብሬዎት እይዛለሁ።»

ያችን አጭር የቁርኣን ምዕራፍ በልባቸው ብለው እስኪጨርሱ እጄ ሆዳቸው ላይ ነበር፤ አልተነቃነቀም። ከዚያ ስለ መድኃኒቱ ነገርኋቸው፤ ሙቀት እንደሚሰማቸው፣ ሽንት ያመለጣቸው እንደሚመስላቸው፣ ግን እንደማያመልጣቸው። «ቢያመልጠኝስ ለማን ትነግሪብኛለሽ!» አሉኝ።

የመጀመሪያው ዙር አለፈ። ጠበቅን። እኔ ከመሣሪያው ክፍል ከሚለየን መስተዋት ወዲህ ሆኜ ትንፋሼን ያዝሁ፤ መብራቱ አልጠፋም፤ ሁለተኛው ዙር አለፈ።

ዶክተር ሰላማዊት ከሥዕሉ ፊት ተቀመጠች። አቶ ደምሴን አታውቃቸውም፤ ከየት እንደ ተማረችውም አልጠየቅኋትም፤ እሷም ከበሽታው አትጀምርም። «የሳንባው ግርጌ ንጹሕ። ግራ ኩላሊት ደህና። ያበጠ ንፍፊት የለም።» ጣቷ ሥዕሉን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ላይ ይወስደዋል። ትልቁ ደም መልስ ከታች እስከ ላይ እኩል ነጭ ሆኖ ሞልቷል። ጥላው የለም።

«ያልተቀላቀለ ደም ነበር» አለች።

«ጉበቱስ?» አልኋት።

አግድም የተቆረጠውን ሥዕል ትታ ሰውነቱን በቁመት የሚያሳየውን አወጣችው። ስብ በሲቲ ስካን ጥቁር ነው። በጉበቱና በዕጢው መካከል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ፣ ክር የምታክል ጥቁር መስመር ነበረች። ባለፈው ትንፋሹ ነበር ያጠፋብን።

«ያውልሽ ስቡ» አለች ዶክተር ሰላማዊት፤ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። እኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥሁ።

ሁሉም ግን አልጠራም። ዕጢውን በከበበው ስብ ውስጥ ቀጫጭን ክሮች ይታዩ ነበር። ጉዳት የሌለው እብጠት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዕጢው ስቡ ውስጥ መግባት ጀምሮም ሊሆን ይችላል። በሥዕል አይለይም። ዶክተር ሰላማዊት ያንኑ እንዳለ ጻፈች፤ ቀዶ ሐኪሙም አንብቦ «እንግዲያው ከነስቡ፣ ከነሽፋኑ እናወጣዋለን» አለ።

በቀዶ ሕክምናው ቀን ሥራ አልያዝልኝ አለ። ሌሎች በሽተኞችን አነሣሁ፤ ትንፋሽ ያዙ፣ ልቀቁ እላለሁ፤ ጆሮዬ ግን ስልኩ ላይ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ራሱ ደወለ። «እንዳያችሁት ነው። ከጉበቱ በእጄ ተላቀቀ። ደም መልሱ ንጹሕ ነው» አለኝ። ኮሪደሩ ላይ ኑሩን አገኘሁት። እጄን ይዞ ደጋግሞ ሳመው። ከሳምንታት በኋላ የላቦራቶሪው ውጤት መጣ፤ ክሮቹም ካንሰር አልነበሩም። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ላይ ተዘርግቼ ተኛሁ። ብዙ ዓመት እንደዚያ ያለ እንቅልፍ አልተኛሁም ነበር።

እትዬ ዘይነባ ለክትትል በየጊዜው ይመጡ ነበር። ጡረታዬ ሊደርስ ሲል የመጨረሻውን ሥዕላቸውን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ዶክተር ሰላማዊት ንጹሕ ነው ካለችን በኋላ ሥዕሉን ማየት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። አጠገቤ አስቀመጥኋቸው።

«ያ ግራው ነው፤ የቀረልዎ። ብቻውን ስለሚሠራ ጎልምሷል።»

«ይባርከው። ቀኙስ የነበረበት? ባዶ ሆኖ ቀረ?»

«አልቀረም። አንጀትዎ ገብቶ ተኝቶበታል፤ ይኼውና።»

ወደ ሥዕሉ ተጠግተው አዩት። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሣቁ።

«እይው እስቲ! ቤቱ ሳይቀዘቅዝ ገባበት» አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ፤ ኑሩ መኪና ይዞ ደጅ እየጠበቃቸው ነበር።